ሻለቃ ትጥቃቸውን የፈቱ ዕለት

ፋርማሲ የሌለው ሰፈር ሞልቷል። ዳቦ ቤት የሌለውም አይጠፋም። ሁሉን ነገር ደረቱ ላይ ይዞ የሚዞር አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። እናንተም ሰፈር አለ። "ወረንጦ ያለው?" ሲባል ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ እሱ ያዞራል። መብራት ሲጠፋ ከሁሉ ቀድሞ ባትሪ ያበራል። ለሽርሽር ሲኬድ ከሁሉ ኋላ የሚደርሰውም እሱ ነው፤ ሰንፎ አይደለም፣ ከብዶት ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ባለትዳር ነው፤ ሚስቱም ብዙ ጊዜ የምታማርር ናት።

የእኛዋ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የመንገድ ዳሩን ክፍል የስፌት ቤት አድርጋ፣ የሰፈሩን ሱሪ ስታሳጥርና ስታስረዝም ዘመኗን የፈጀች፣ አፏ እንደ መቀሷ የተሳለ ሴት። ባሏ ደግሞ ሻለቃ ናቸው። "ናቸው" ያልነው ወደን አይደለም፤ ያለ ማዕረግ ከተጠሩ ኪሶቻቸው የሚቀየሙ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር በውትድርና ዘመናቸው የቁስለኛ ረዳት ነበሩ፤ የተሰናበቱትም አስር አለቃ ሳሉ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሹመት የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። ኪስ በጨመሩ ቁጥር አንድ እርከን ከፍ ሲያደርጋቸው ቆይቶ ሻለቃ ላይ አድርሷቸዋል። አሁን በአንድ የእንጨት ሥራ ፋብሪካ ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኛ ናቸው።

ኪሶቹ ያሉት የደረት ትጥቃቸው ላይ ነው። ወታደር ጥይት የሚይዝበት፣ በትከሻ ተነግቶ ከጀርባ የሚታሰር፣ ፊቱ ሁሉ ኪስ በኪስ የሆነ ነገር ታውቁ የለ፤ እሱ ነው። ጥይቱ ቀርቶ ፋሻ ገባበት እንጂ ትጥቅስ ትጥቅ ነው። ከወታደር ቤት ሲወጣ አራት ኪስ ብቻ ነበረው። የቀረውን የሰፋችው ሚስትየው ናት። ሻለቃ በየጊዜው ወደ ስፌት መኪናዋ ጠጋ ይሉና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"አንዲት ኪስ ብቻ።"

"የት ላይ? ከጀርባህ በቀር ቦታ የቀረህ መስሎሃል?"

"ጀርባውንም አስቤበታለሁ።"

ትሰፋለች። ምን ታድርግ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ተረት ሲተረት ሻለቃ ገና ስላልተወለዱ ነው እንጂ ሦስተኛ ሆነው ይገቡበት ነበር።

አደረጃጀቱ ግን የዋዛ አይደለም። መሀል ደረት ላይ፣ ልብ ካለበት ፊት ለፊት፣ ደም ማቆሚያው ማሰሪያ ይቀመጣል፤ በቀኝም በግራም እጅ እንዲደረስበት፣ የትኛው እጅ እንደሚጎዳ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። በቀኝ በኩል የቁስል ዕቃ አለ፤ ጓንት ከሁሉ በላይ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚጠለቀው እሱ ነው፤ ከሥሩ ጎዝ፣ ከጎዝ ሥር ፋሻ፣ ከፋሻ ሥር ፕላስተር። በግራ በኩል ጥቃቅኑ አለ፤ ወረንጦ፣ መቀስ፣ ሴንጢ፣ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ መርፌና ክር። ታች ሆዳቸው ላይ ክኒኖችና ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ጨው። ክኒኖቹ እንዳይንኳኩ በጥጥ ተጠቅልለዋል። ሻለቃ ሲራመዱ የሚንኳኳ ነገር ከተሰማ ጉልበታቸው ነው።

"እጅ ያውቃል፣ ዓይን ይረፍ" ይላሉ። ይህን የማይሉበት ቀን የለም።

ቅዳሜ ጠዋት አጠቃላይ ፍተሻ ነው። ሻለቃ ያን ሁሉ ዕቃ በልብስ መቁረጫዋ ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋሉ፤ ጊዜው ያለፈበትን ክኒን ይለያሉ፤ የላላ ክዳን ያጠብቃሉ፤ ከዚያ ሁሉን ወደየቦታው መልሰው ዓይናቸውን በፋሻ ያስራሉ። እሷ ትጣራለች፣ እሳቸው ያወጣሉ።

"ጎዝ።"

"እነሆ።"

"ወረንጦ።"

"እነሆ።"

"አእምሮ።"

"እሱ አንቺ ዘንድ ነው ያለው" ይላሉ ሻለቃ ሳይስቁ።

አንድ ቅዳሜ ለቀልድ ብላ የመቀሱንና የፊሽካውን ቦታ አቀያየረችባቸው። "መቀስ" ስትል ፊሽካ ወጣ። ሻለቃ ዓይናቸውን ፈትተው ፊሽካውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "አልጋችንን ሸጠሽ ብትጠብቂኝ ይሻለኝ ነበር" አሉና እስከ ምሳ ድረስ አኮረፉ።

ከእሳቸው ጋር ከቤት መውጣትማ ሌላ ጣጣ ነው። ባንክ በር ላይ ፈታሹ "ይሄ ምንድነው?" ማለት ሲጀምር ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ ያቃስታል፤ ሻለቃ አጭር መልስ አያውቁማ። የእያንዳንዱን ዕቃ ጥቅም፣ ቦታውን፣ ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ ያስረዳሉ። አንድ ጊዜ ሚስትየው እሳቸውን ትታ ገብታ፣ ጉዳይዋን ጨርሳ ስትወጣ ፈታሹ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አውራ ጣቱ በፋሻ ሲጠቀለል አገኘችው። ለካ ጥፍሩ ውስጥ መግል ይዞ ከርሟል። መሣሪያውን ለጊዜው የያዘለት አንድ ደንበኛ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ለሰው ስታወራ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። የማትስቅበት አንድ ወሬ ብቻ አላት። አንድ ቀን ፋብሪካው ውስጥ መጋዝ የጣውላ ሰንጣቂውን ክንድ መታው፤ በድንጋጤ ማሽኑን ለማቆም ሲሯሯጡ መብራቱን ሁሉ አጠፉት። በዚያ ጨለማ፣ ሰው ሁሉ "ባትሪ፣ ባትሪ" እያለ ሲጮህ፣ ሻለቃ ማሰሪያውን በእጃቸው አግኝተው አስረው ጨርሰው ነበር። ጣውላ ሰንጣቂው ዛሬም በዚያው ክንዱ ይሠራል፤ ሱሪውንም እሷው ዘንድ ያሳጥራል። ይህን ስታወራ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

ታዲያ ምንድነው የምታማርረው? እንዲህ ነው። ይህች ሴት ለሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሱፍ ሰፍታለች። ለመምህሩ፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለሚጠላት ለጎረቤቷ ባል ሳይቀር። ለገዛ ባሏ ግን ኪስ ብቻ። ሱፍ ብትሰፋለትስ ማን ሊያየው? ትጥቁ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የአንዲት ሴት ልጃቸው ሰርግ ሲቆረጥ እሷም ቆረጠች። ባሏ በዚያ ቀን እሷ የሰፋችውን ሱፍ ለብሶ፣ ደረቱን ሰጥቶ፣ ከልጁ ጎን ቆሞ ፎቶ ይነሣል። በሕይወቷ ከሰፋችው ሁሉ የሚበልጠውን ሱፍ ሰው ሁሉ ያይላታል። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ጨርቁን ስትመርጥ ከረመች። የቀረው ልኩ ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት ሻለቃ ትጥቃቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ሶፋው ላይ ሲያሸልቡ፣ ሜትሯን ይዛ በእግሯ ጣት እየረገጠች ተጠጋች። ደረታቸውን ለካች። ቁጥሩን አላመነችምና ደግማ ለካች። ለካ ያ ሁሉ ስፋት የፋሻ ነበር። ባሏ ቀጭን ሰው ነው። ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በላት።

ሱፉ ሲያልቅ ወሬውን ነገረቻቸው።

"በልጅህ ሰርግ ትጥቅ የለም።"

ሻለቃ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ጨርሶ?"

"ጨርሶ።"

"ወረንጦዋን ብቻ ሱሪው ኪስ ውስጥ ብከታት?"

"ሱሪው ኪስ የለውም።"

"ኮቱስ?"

"እሱንም ሰፍቼ ዘግቼዋለሁ። ኪስ ካለህ ትሞላዋለህ፤ ከሞላኸው ያብጣል፤ ካበጠ ልፋቴ ገደል ገባ።" ከዚያ ዓይኗን በጨው አጥባ ጨመረችበት፦ "ልጅቷም ታፍራለች።"

ይህን ሲሰሙ ሻለቃ ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። "በልጄ ሰርግ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ትጥቅ አልታጠቅም። ቃሌ ነው" አሉና ተቀመጡ። ምግባቸውን ግን አልጨረሱም። እሷ ክርክሩ ቢያንስ ሳምንት ይፈጃል ብላ ተዘጋጅታ ነበርና ድሉ አልጣማትም።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ሻለቃ ከስፌት ቤቱ ሲወጡ ጎረቤት "እኚህ ማናቸው?" ተባባለ። ከሰል የመሰለ ሱፍ፣ ትከሻው የተቀመጠ፣ ወገቡ ልክ የገባ፣ አንድ መጨማደድ የሌለው። ፀጉር አስተካካዩ ዞሮ ዞሮ አያቸውና "ሻለቃ፣ ለካ ሰው ነዎት" አለ። ልብስ ሰፊዋ ልቧ ቅቤ ጠጣ። አዳራሹ በር ላይ ሙሽሮቹን ለመቀበል ሲቆሙ ክንዳቸውን ይዛ፣ የሚያልፈው ሁሉ ኮሌታውን እንዲያይላት ትንሽ ወደ ፊት ትገፋቸው ነበር።

ይሁንና ሰው ልማዱን አይተውም። መጀመሪያ የመጣችው የሙሽራው እናት ናት፤ አዲሱ ጫማዋ ተረከዟን ልጦታል።

"ሻለቃ፣ አንድ ፕላስተር ይኖርዎታል?"

የሻለቃ እጅ ወደ ደረታቸው ሄደ፤ ለስላሳውን ጨርቅ ነካ፤ ተመለሰ። "ይቅርታ እመቤቴ፣ ዛሬ ሲቪል ነኝ።"

ቀጥሎ አንዲት እናት የምታለቅስ ሕፃን አምጥታ መዳፏን ዘረጋችላቸው፤ ስንጥር ገብቶባታል። "ዛሬ ሲቪል ነኝ።" ቀጥሎ ዘፋኙ፤ ሽቦ የሚቆርጥበት ቢላ ፈልጎ። "ሲቪል ነኝ።" በእያንዳንዱ "ሲቪል ነኝ" ሻለቃ በሱፉ ውስጥ ትንሽ እያነሱ የሄዱ መሰላት። ልኩን ራሷ የለካችው ሱፍ ሰፋባቸው። አላየሁም ብላ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

የሙሽሮቹ መኪና መጣ። ልጅቷ ከመኪናው ስትወርድ በተረከዟ የቀሚሷን ጫፍ ረገጠችና ቀና ስትል ጠረርር የሚል ድምፅ ተሰማ። የጎኑ ስፌት ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተረተረ። ሙሽሪት እጇን ክፍተቱ ላይ ለጥፋ ቆመች። እንግዳው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

"ምንም አይደለም" አለች እናት። ስፌት ነው፤ ስፌት ደግሞ ሥራዋ ነው። "አሁን በመርፌ..." አለችና እጇን ዘረጋች። የዘረጋችው ወደ ቦርሳዋ አልነበረም። እጇ፣ ዓይኗን ሳያስፈቅድ፣ ባሏ ደረት ላይ በግራ በኩል ሄዶ ጠብ አለ፤ ያገኘውም ራሷ የተኮሰችውን ሱፍ ነው።

ልብስ ሰፊዋን ምን ይዋጣት? ቤቷ ውስጥ በየግድግዳው መርፌ የተሰካላት ሴት፣ ከደጃፏ ወጥታ መርፌ ይዛ አታውቅም። ለምን ብላ? መርፌዋ ደረቱ ላይ አብሯት ይዞር ነበር።

ከሙሽራው አክስቶች አንዷ ከጃኬቷ ኮሌታ ሥር መርፌ ከነክሩ አወጣችላት። ተመስገን ብላ ተቀበለች፤ ክሩን በምራቋ አርጥባ ቀዳዳውን ፈለገች። አልታያትም። እጇ አሁንም ሄደ፤ አሁን በቀኝ በኩል፤ ጠብ። የዓይን መነጽሯ። ለስላሳ ጨርቅ አልብሳ ራሷ የሰፋችለት ኪስ ነበረው። የእኔ ዕቃ እሱ ጋ ነው ብላ እንኳን አስባ አታውቅም፤ ፈልጋው አታውቅማ፣ ከመጠየቋ በፊት ይሰጣታል። ከድንጋጤው ራሷ ዞረባትና የደም ግፊት ክኒኗ ትዝ አላት፤ ከምሳ በኋላ ሻለቃ ከውሃ ጋር የሚሰጧት። ነገር በሦስት ይጸናል፤ እጇ ሦስተኛ ጊዜ ሄደ፤ ሆዳቸው ላይ።

ቀና ብላ ባሏን አየች። ሻለቃ ቀጥ ብለው ቆመው ከፊት ለፊታቸው ያለውን አየር ይመለከታሉ። ምን እንደፈለገች በየተራው አውቀዋል።

"ምን ትገተራለህ?" አለች በሹክሹክታ።

"ቃል አለብኝ።"

"የራሴ መርፌ እንኳ የለኝም እኮ። መነጽርም የለኝም። አንተ ከሌለህ... እሱ ከሌለ ምንም የለኝም።"

ይሄኔ ሙሽሪት ጎኗን እንደያዘች መሳቅ ጀመረች። "እማዬ፣ መኪናው ኋላ ነው ያለው።"

"ምኑ?"

"የአባዬ ትጥቅ። ጠዋት እኔ ነኝ ያስጫንኩት፤ እሱ አያውቅም።"

"አንቺ? ለምን?"

"ጉልበቴ በተላጠ ቁጥር፣ ትኩሳት በያዘኝ ቁጥር፣ ፈተና ልቤን ባራደው ቁጥር መጀመሪያ የምሰማው የዚያን ኪስ ክዳን ድምፅ ነበር፣ ሲላቀቅ ቸርር ሲል። እሱን ሰምቼ ሳልረጋጋ ያለፈ ቀን የለም። እንዴት ያለሱ ልዳር? አጠገቤ ባይሆን እንኳ መኪናው ውስጥ ይኑር አልኩ።"

"ታፍሪያለሽ ብላኝ ነው እኮ" አሉ ሻለቃ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን አዙረው።

"ማን? እኔ?" ልጅቷ እናቷን አየቻት። እናትየው መሬት መሬቱን አየች።

ሙሽራው ራሱ ሮጦ ትጥቁን እንደ ሕፃን በሁለት ክንዱ ታቅፎ አመጣው። ሻለቃ ግን አልተቀበሉም። ከጠዋት እስከ ማታ ብለው ነበር፤ ገና ከሰዓት ነው። እንግዳው ለመናቸው፤ አልሆነም። ዘፋኙ ለመናቸው፤ አልሆነም። ስንጥር የገባባት ሕፃን መዳፏን ዘርግታ ታያቸዋለች፤ ዓይናቸው ውሃ ሞላ፤ እጃቸው ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ቃሉን የተቀበልኩህ እኔ ነኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ። "እኔው መለስኩልህ። ዋሽቼህ ነው። የምታፍር የለችም፤ ሱፌን ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው።"

ሻለቃ ክንዳቸውን ዘርጋ አደረጉ። "እንግዲያው አንቺው አስታጥቂኝ።"

ትጥቁን ተቀበለች። ያን ሁሉ ቀን የደከመችበት ትከሻ ላይ ማንገቻውን ስትጭነው ጨርቁ ተሸበሸበ፤ ወገቡ ላይ ስታጠብቀው ኮቱ ታጠፈ። ከኋላ ቋጥራ ስትጨርስና ወደ ፊት ስትዞር ግን ሱፉ ጠፍቶ ባሏ ተመልሶ አገኘችው፤ ቁመቱም፣ ስፋቱም፣ ሁሉም። አፍ አውጥታ "ናፍቀኸኝ ነበር" አለችው፣ ጠዋት አብረው ከአንድ ቤት ወጥተው ሳለ።

ከዚያ በኋላ ያለው የደቂቃ ሥራ ነው። ቸርር አለ፤ መነጽር ዓይኗ ላይ ገባ። ቸርር አለ፤ ክኒን መዳፏ ላይ፣ ውሃ ከአስተናጋጁ። ቸርር አለ፤ መርፌው ነጭ ክር ገብቶለት መጣ። እሷ ልጇን እንደቆመች ሰፋቻት፤ ሻለቃ ከጎን ሆነው መቀስ ሲያቀብሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው "የቀሚሱ ደም ቆሟል" ብለው ሪፖርት አደረጉ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ስፌቱ የት እንደነበር ያገኘ ሰው የለም። ተረከዝ ታሸገ፤ ስንጥር ወጣ፤ የዘፋኙ ሽቦ ተቆረጠ፤ ጭፈራው ቀለጠ። ሻለቃም ከነትጥቃቸው ጨፈሩ፤ ምንም አልተንኳኳም።

ፎቶ ሲነሡ ፎቶ አንሺው ከማሽኑ ኋላ ብቅ አለ። "አባት፣ ያቺን ነገር አንዴ ቢያወልቋት ሱፉ ቆንጆ ነበር።"

"አንተ ፎቶህን አንሣ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ፎቶው ዛሬ ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ ከመስተዋቱ በላይ ተሰቅሏል። በቀደም ዕለት ለወንድሙ ሰርግ ሱፍ ሊያሰፋ የመጣ አንድ ጎረምሳ እየተለካ ሳለ ዓይኑ አረፈበት።

"እትዬ፣ ከሙሽሪት ጎን የቆመው ጥበቃው ነው?"

"ባሌ ነው።"

ጎረምሳው አፈር አለና ጠጋ ብሎ አየ። "ይቅርታ። ከሥር የለበሱት ሱፍ ግን የእርስዎ ሥራ ነው መሰለኝ፤ ኮሌታው ያስታውቃል። ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም ተሸፈነ። አላናደደዎትም?"

ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፎቶውን ቀና ብላ አየችው።

"ሱፍማ ለማንም እሰፋለሁ" አለች። "ክንድህን አንሣ።"